የልብስ ሰፊዋ የውሃ ጉድጓድ

ቅዳሜ ዕለት ልብስ ሰፊዋና ነፍሰ ጡር ልጇ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ልጅቷ ሰባት ወሯን ይዛለች። ካረገዘች ወዲህ አፍንጫዋን የሚያመልጠው ነገር የለም። የግቢውን በር ገፋ እንዳደረገች ቆም አለችና «እማዬ፣ ላምባ ይሸተኛል» አለች።

እናቷን ምንም አልሸተታትም። ቤቷ ውስጥ ላምባ የሚባል ነገር ካስገባች ዘመን አልፎታል። ልጅቷ ግን ሽታውን ተከትላ ጓሮ ዘለቀች፤ የውሃ ጉድጓዱን ክዳን አንስታ ባልዲውን አወረደችና ሳበች። ባልዲው ብቅ ሲል ውሃው ላይ ቅባት ተንሳፍፎ በፀሐዩ አረንጓዴና ሐምራዊ ይላል።

እናት አጎንብሳ አሸተተች። ባልዲውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ከዚያ ለፖሊስ ደወለች።

የመጣው ኢንስፔክተር ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ አንድ ጉልበቱ የሚያመው፣ ለነገር የማይቸኩል ሰው ነበር። አለቃው «አንተ ፋይል ትከፍታለህ እንጂ አትዘጋም» እያለ ያሾፍበታል። ጉድጓዱ አጠገብ እንደምንም ተንበርክኮ አካባቢውን አየ። የተሰበረ ነገር የለም። የረገፈ አፈር እንኳ የለም።

«ክዳኑን አንቺ ነሽ የከደንሽው?» ብሎ ልጅቷን ጠየቃት።

«ተከድኖ ነው ያገኘሁት። ሰንሰለቱም ሚስማሩ ላይ በሥርዓት ተጠቅልሎ። እኛ እንዲህ አንጠቀልለውም፤ ጣል አድርገነው ነው የምንሄደው።»

«ለጉድጓድ ደግሞ ሰንሰለት?»

«ገመዱን ሁለት ጊዜ ቆረጡብንና» አለች እናት። «የመጀመሪያው ወር አልፎታል፣ ሁለተኛው ሁለት ሳምንቱ ነው። ሌባ እንዳልል፣ ሌባ ገመዱን ይዞት ይሄዳል። ይሄኛው ቆርጦ እዚሁ ነው የተወው። ሰንሰለት ስናደርግበት ደግሞ ይኸው ላምባ።»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ እናቴ?»

እሷ ዓይኗን ወደ አጥሩ ላከች። ከግንቡ ወዲያ መዶሻ ብረት ሲመታ ይሰማል። የመኪና ጋራዥ ነው።

በዚህ መሃል አንድ ሽማግሌ ሁለት ጀሪካን ውሃ በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ኮታቸው እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ነጭ ጺማቸው በደንብ ተከርክሟል። ሰፈርተኛው ጋሽ ሰዓቱ ይላቸዋል፤ ከቤታቸው የሚወጡበት ደቂቃ ስለማይዛነፍ ሰዓት የሚሞላባቸው ሰው ናቸው። ጀሪካኖቹን ጥላ ሥር አስቀመጡና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ሰምቼ ነው የመጣሁት። እንዳትጠጡት አደራ» አሉ።

«ማን ይጠጣዋል ጋሼ፣ ሞት አማረኝ እንዴ?» አለች ልጅቷ።

ኢንስፔክተሩ ያዩት ነገር እንዳለ ጠየቃቸው።

«እኔ ምን አያለሁ ልጄ» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲህ ጉድጓዱ ይዘጋል አይደል?» አሉት።

«ለጊዜው ይዘጋል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ። ኢንስፔክተሩ ማስታወሻው ላይ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ክዳኑን መልሶታል።» ሰው ሊመርዝ የመጣ ሰው፣ ሰው እንዳይገባበት ብሎ ክዳን ሲመልስ አይቶ አያውቅም።

መካኒኩ ግዙፍ፣ ድምፁም እንደ ሰውነቱ ነው። ከአንድ ሞተር ላይ ቀና ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ጉድጓዱን እደፍነዋለሁ ብለህ ዝተሃል አሉ» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ብያለሁ። ተናድጄ ነው። እርጥበቱ ግድግዳዬን ሊጥለው ነው፤ ይምጡና ይዩት።»

«ላምባ አለህ?»

«ይኸው፣ ግማሽ ጀሪካን። ዕቃ የምናጥበው በምን መሰለዎት፣ በሽቶ?»

«ዛሬ ሴቶቹ ከወጡበት ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ከጭነት መኪና ሥር።»

«ማን አየህ?»

«ሹፌሩ። እሱ ደግሞ መኪናው እንደተነሳለት ጭኖ ወጣ። ወደሚሄድበት ሦስት ቀን ነው፤ ስልኩም ከከተማ ከወጣ አይሠራም።» መካኒኩ ጨርቁን አጣጠፈው፣ መልሶ ፈታው። «ጌታዬ፣ እኔ ከሴትዮዋ ጋር የተጣላሁት በግድግዳ ነው። ልጅቷ እርጉዝ ናት። እኔም ልጆች አሉኝ።»

ኢንስፔክተሩ ከላምባው በትንሽ ጠርሙስ ቀድቶ ሲወጣ ከጋራዡ በር ላይ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ከኋላ የቆመ አንድ ሰው «እኛም የሱን ጋራዥ በላምባ እናጥበዋለን» ሲል ሰማ። ወሬው ጣቢያ የደረሰው ከእሱ ቀድሞ ነው።

«ሰውዬው ዝቷል፣ ላምባው እጁ ላይ ተገኝቷል፣ አየሁት የሚል ምስክር የለውም» አለው አለቃው። «አስገባው። ለራሱም ደህንነት ነው። ሌላ ምን ይቀርሃል?»

«ክዳኑ።»

«የምን ክዳን?»

ኢንስፔክተሩ ለማስረዳት ሞከረና ተወው። መካኒኩ በዚያው ቀን ታሰረ።

ሰኞ ረፋድ ላይ የአፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያዋ ቢሮው ገባች። ሰዎች የነዳጅ ነገር ሲገጥማቸው የሚጠሯት ቀጭን፣ ቀልድ የምትወድ ሴት ናት፤ ቦቲ ጫማዋ ከጭቃ ተለይቶ አያውቅም። ሁለት ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆመች።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ወንጀል ነው ብለው ነው የላኩኝ። ሁለት ሆኖ አገኘሁት።»

«ቁጭ በይና ንገሪኝ።»

«ይሄ ከላይ የተንሳፈፈው ነው። ላምባ ነው፤ አዲስ የፈሰሰ፣ ሁለት ሊትር የማይሞላ። እሱን ገፈፍኩና ከጉድጓዱ ወለል አጠገብ ሌላ ውሃ ቀዳሁ።» ሁለተኛውን ጠርሙስ ገፋ አደረገችለት። «ይሄኛው ውስጥ ያለው ላምባ አይደለም። ቤንዚን ነው። የቆየ ቤንዚን፣ ውሃው ውስጥ የሟሟ።»

ኢንስፔክተሩ ጠርሙሱን በመስኮቱ ብርሃን አየው። ንጹሕ ውሃ ይመስላል።

«ያው ሰውዬ ሁለቱንም አፍስሶት እንደሆነስ?»

«አይደለም። ከጉድጓዱ ግድግዳ ከየከፍታው አፈር ወሰድኩ። የላዩ አፈር ንጹሕ ነው። የተበከለው ከውሃው ልክ ጀምሮ ወደ ታች ያለው ብቻ ነው። ላምባው በአፉ ገባ፤ ቤንዚኑ ግን በመሬት ውስጥ ለውስጥ ነው የመጣው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቢያንስ ወራት። ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።»

«ሴቶቹ እኮ ይጠጡታል።»

«ጠጥተውታል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ምላስም አያውቀው፣ አፍንጫም አይለየው። ለማንም ደግ ነገር አይደለም፤ ለተረገዘ ልጅ ደግሞ…» ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ጠርሙሶቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ኢንስፔክተሩ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ይሄን በስልክ መንገር አልፈለገም። ልብስ ሰፊዋን ከስፌት መኪናዋ ፊት አገኛት፤ ልጅቷ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ለሚወለደው ሕፃን የተሰፋ ትንሽ ሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። ቀስ አድርጎ ነገራቸው። እንዳይታጠቡበትም ጭምር።

እናት የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«እኔ ነኝ ጠጪ ያልኳት» አለች። «የጉድጓዱ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ ማቅለሽለሹን ያበርድልሻል ብዬ በገዛ እጄ እየቀዳሁ…»

«አላወቁም እናቴ።»

«እናት እንዴት አታውቅም?»

ኢንስፔክተሩ ተነሳ። መኪናውን በሩ ድረስ አስጠግቶ ሁለቱንም ሆስፒታል ወሰዳቸው። ሐኪሟ ልጅቷን ለረጅም ጊዜ መረመረቻት፤ የፅንሱን የልብ ምት ለእናትም አሰማቻት። አሁን ባለው ምርመራ ደህና ነው፣ ደም ወስደናል፣ በየሳምንቱ እናየዋለን አለች። እናት ከዚያ ክፍል ስትወጣ የኢንስፔክተሩን ክንድ ይዛ ነበር፤ መኪናው ጋ እስኪደርሱ አልለቀቀችውም።

ከቤቷ መቶ ሜትር ወረድ ብሎ አንድ ነዳጅ ማደያ አለ። ቤንዚን ከተባለ ማንም ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው። የማደያው ኃላፊ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ወረቀቱ የተሰናዳ ሰው ነበር።

«ታንከሮቻችን በየስድስት ወሩ ይፈተሻሉ። የመጨረሻው ይኸው፤ አንድ ጠብታ አላፈሰሱም።»

«ወረቀት ሁሉ ንጹሕ ነው» አለች ባለሙያዋ። «ካልከፋዎት መሬቱን ልጠይቀው።»

በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ ሦስት ጠባብ ጉድጓዶች ቆፈረች፤ አንዱን ከማደያው አጠገብ፣ አንዱን ከጋራዡ ጀርባ፣ አንዱን ከልብስ ሰፊዋና ከጋሽ ሰዓቱ ቤት ከፍ ብሎ። መሰርሰሪያው በእጅ የሚዞር ነበርና ረዳቷ ታሞ ስለቀረ ኢንስፔክተሩ ኮቱን አውልቆ አገዛት። ሁለት ሜትር ሳይወርዱ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣበቀ።

«ወንጀለኛ ስታሳድዱም እንዲህ ያልባችኋል?» አለችው።

«ወንጀለኛ ቢያንስ ከመሬት በላይ ነው የሚሮጠው።»

በየጉድጓዱ የፕላስቲክ ቱቦ ከተተች፣ ውሃው እስኪረጋ አንድ ቀን ጠበቀች፣ ከዚያ በሜትር ለካች። ልኬቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋ በቀስት አገናኘችው።

«ይዩ፤ ውሃው ከፍ ብሎ የተገኘው ከላይ ባለው ጉድጓድ ነው፣ ዝቅ ያለው ማደያው ጋ። ውሃ ከመሬት በታችም ቢሆን ወደ ዝቅታው ነው የሚሄደው። ማደያው ቢያፈስ ኖሮ የሚበከለው ከሱ በታች ያለው እንጂ ልብስ ሰፊዋ አይደለችም። የማደያው ጉድጓድ ውሃ ደግሞ ንጹሕ ነው። የሴትዮዋ ቤንዚን ገና እዚያ አልደረሰም።»

«ጋራዡስ?»

«ከጎን ነው ያለው። አፈሩ ላይ የተቃጠለ ዘይት አለ፣ ያ ሌላ ቅጣት ያስቀጣዋል። ቤንዚን ግን የለበትም።»

«የላይኛውስ?»

መልስ ከመስጠት ይልቅ ከላይኛው ጉድጓድ የወጣ አንድ እፍኝ አፈር ከፕላስቲክ ከረጢት አውጥታ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። አፈሩ ከአራት ሜትር ጥልቀት የወጣ፣ አመድማ ነው። ሽታው ዓይኑን አስነባው።

ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ከዚያ በላይ ያለው አሮጌ የብረት አጥር የከበበው ሣር የዋጠው ሜዳ ብቻ ነበር።

ሹፌሩ የተገኘው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። የጭነት መኪና ድምፅ በስልኩ ውስጥ እያጓራ ነበር።

«መካኒኩን ቅዳሜ አይተኸዋል?»

«እግሩን ነው ያየሁት። ከአራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ድረስ መኪናዬ ሥር ነበር።»

«እሱ መሆኑን በምን አወቅህ፣ እግሩን ብቻ ካየህ?»

«ሲዘፍን ነበራ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ሌላ ሰው ሊኖረው አይችልም ጌታዬ፤ አይፈቀድም።»

መካኒኩ የዚያኑ ቀን ተፈታ። ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን እየተረከበ «ልጅቷ እንዴት ሆነች?» ሲል ጠየቀ። ደህና ናት ሲሉት ማሰሪያውን አስሮ ሄደ።

ሜዳው ድሮ የአውቶቡስ ማደሪያ እንደነበረ ለማወቅ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ከሃያ ዓመት በፊት ተዘግቷል፤ መሬቱ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆይቶ ዛሬ ማንም አይሠራበትም። ኢንስፔክተሩ ፋይሉን ፍለጋ መዝገብ ቤት ሁለት ቀን አቧራ ሲውጥ ከረመ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በመጨረሻ አንድ ቢጫ አቃፊ ይዛለት መጣች።

ወረቀቱ አጭር ነው። ከመሬት በታች የነበረው የቤንዚን ታንከር ባዶ ተደርጎ፣ ተቆፍሮ ተነስቷል ይላል። ሥሩ ሁለት ፊርማ አለ፤ የሥራ አስኪያጁና የንብረት ክፍል ኃላፊው።

ባለሙያዋ በስልክ ሲያነብላት ሳቀች። «የተነሳ ታንከር አይፈስም ኢንስፔክተር። እዚያው ነው ያለው።»

ሥራ አስኪያጁ ሞቷል። የንብረት ክፍል ኃላፊው ስም ግን ከፊርማው በታች በግልጽ ተጽፏል። ኢንስፔክተሩ ስሙን ይዞ ሰፈሩን አዳረሰ። ባለሱቁ አያውቀውም። የማደያው ኃላፊ አያውቀውም። መካኒኩ ጭንቅላቱን አክኮ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ኖሮ አያውቅም» አለው። ሞቶ ይሆናል፣ ወይ ሰፈር ለቆ።

ዓርብ ጠዋት የልጅቷን የደም ምርመራ ውጤት ይዞ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደ። ውጤቱ ጥሩ ነበር። እናት ወረቀቱን ሁለቴ አስነብባው ደረቷ ላይ አደረገችው። ልጅቷ ደስ ብሏት ለእንግዳው የሚጠጣ ውሃ ከጀሪካን ቀዳች።

«ይሄስ ከየት ነው?» አላት፣ እንደ ዋዛ።

«ጋሽ ሰዓቱ ናቸው። የቧንቧ ውሃ እኛ ጋ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፣ ያውም ከመጣ። እሳቸው ጋ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። በየቀኑ ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁለት ጀሪካን።»

«ጉድጓዱ ከተበላሸ ወዲህ።»

«ኧረ በፊት ነው። ሁለት ወር ሊሆነው ነው። የቧንቧ ውሃ ለእርጉዝ ይሻላል ይሉኝ ነበር፤ እኔ እሺ እልና የጉድጓዱን እጠጣለሁ። አንድ ቀን ከባልዲው ላይ ስጠጣ ደረሱብኝ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። በማግስቱ ነው መሰለኝ ገመዱ…»

አፏ ላይ እንደመጣ ቃሉን ዋጠችው። እናቷን አየች። እናት እሷን አላየችም፤ የስፌት መኪናዋ ላይ ያለውን ጨርቅ ትኩር ብላ ታያለች።

ኢንስፔክተሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሰውን ሁሉ ጠይቆ እነዚህን ሁለቱን እንዳልጠየቀ አሁን ገባው። ቢጫውን አቃፊ ከፈተና ወረቀቱን ለልብስ ሰፊዋ አቀበላት።

«ይሄን ስም ያውቁታል እናቴ?»

መነጽሯን አደረገች። አነበበችው። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«በዚህ ስም የሚጠራው የሞተው ባለቤቴ ብቻ ነበር» አለች። «አብረው ነው የተማሩት። ሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ሰዓቱ ነው የሚለው።»

በማግስቱ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ኢንስፔክተሩ ከሽማግሌው በር አጠገብ ቆሞ ነበር። ልክ በሰዓቱ በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው ጀሪካኖቹን ይዘው ወጡ፤ ኢንስፔክተሩን አዩት፤ አልደነገጡም። አንዱን ጀሪካን አቀበሉት። ሁለቱም ጥቂት ሄዱና ከግንቡ ጥግ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከፊታቸው ሜዳው ነበር።

«ወረቀቱን አገኘኸው» አሉ።

«አገኘሁት ጋሼ።»

«ሥራ አስኪያጁ 'ፈርም፣ ነገ መኪና መጥቶ ያነሳዋል' አለኝ። ፈረምኩ። መኪናው አልመጣም። ታንከሩ ውስጥ ቤንዚን እንደነበረ አውቅ ነበር።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ሰዓት አላዛንፍም፣ ሰው አላታልልም እያልኩ ስኖር ያችን ፊርማ ረስቻት ነበር። ልዋሽህ አልችልም፤ ፈርቼ ሳይሆን ረስቼ ነው። በላዩ ላይ ስመላለስ ሃያ ዓመት።»

«መቼ ነው ያስታወሱት?»

«ዓምና የእኔ ጉድጓድ ሸተተኝ። ወዲያው ገባኝ። ደፈንኩት፣ ቧንቧ አስገባሁ። ከዚያ ቁልቁል አየሁ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው የእሷ ቤት ነው። የሷ ውሃ አይሸትም ነበርና አልደረሰባትም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ልጅቷ ማርገዟን ስሰማ ግን እንቅልፍ አጣሁ።»

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«ልነግራት ሄጄ ነበር። ያን ቀን ባዶ እጄን እንዳልሄድ ውሃ ይዤ ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልኝ 'ባሌ ቢሞት ወንድም አላጣሁም' አለችኝ።» ሽማግሌው ቁልቁል ወደ ቤቷ አዩ። «ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልጀምር? ውሃውን አስቀምጬ ተመለስኩ። በማግስቱም እንደዚያው። እነግራታለሁ ብዬ እሄዳለሁ፣ ውሃ አስቀምጬ እመለሳለሁ።»

«ከዚያ ገመዱን ቆረጡ።»

«ሌላ ገመድ ገዙ። እሱንም ቆረጥኩ። ሰንሰለት አመጡ። ሰንሰለት እኔ በምን አቅሜ? ሽታው ካለ አይጠጡም ብዬ አሰብኩ። ላምባ ገዛሁ። ሐኪም ጋ የሚሄዱበትን ቀን አውቅ ነበር።»

«ክዳኑን ግን ለምን መለሱት?»

ሽማግሌው በጥያቄው ተገርመው አዩት። «ሰው ቢገባበትስ?»

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻውን አወጣ። «መካኒኩ ሦስት ቀን ታስሯል ጋሼ።»

«ማክሰኞ እጄን ልሰጥ ለባብሼ ተነስቼ ነበር። ተፈታ ሲሉኝ ቀረሁ። እሱም ጥፋት ነው። ጻፈው።»

«ሁሉንም እጽፈዋለሁ። ላምባውን ባያፈሱት ኖሮ ማንም መሬቱን እንደማይቆፍረው ጭምር። የሚወስኑት ሌሎች ናቸው።» ኢንስፔክተሩ ተነሳ። «አሁን አንድ ነገር ቀርቷል። እኔ ልንገራቸው ወይስ እርስዎ?»

ሽማግሌው ጀሪካናቸውን አነሱ።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲገቡ ተቀመጡ አላለቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠበቁም። በሩ አጠገብ ቆመው፣ ኮታቸው እንደተቆለፈ፣ ከፊርማው እስከ ላምባው ድረስ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። ልጅቷ መሃል ላይ ማልቀስ ጀመረች። እናት አላለቀሰችም። ሲጨርሱ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«ልጄ ስትጠጣ ካየህ ጀምሮ ስንት ቀን ዝም አልክ?»

«ሠላሳ ስምንት ቀን።»

ቀኑን ቆጥረው እንደያዙት ኢንስፔክተሩ አስተዋለ። እሷም ሳታስተውል አልቀረችም።

«ውሃውን በሩ ጋ አስቀምጠው» አለችና ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች።

ሽማግሌው ቃላቸውን ሰጥተው፣ በተጠሩ ጊዜ ሊቀርቡ ፈርመው ቤታቸው ገቡ። ከጣቢያው ሲወጡ መጀመሪያ የሄዱት ጋራዡ ነበር። መካኒኩ ይቅርታቸውን ራሱን ደፍቶ ሰማ። «ሦስት ቀን ማንም 'ይሄን ፍታልኝ' ሳይለኝ ተኛሁ» አላቸው። «እንደዚያ ከተኛሁ አሥር ዓመቴ ነው።» ከዚያ ቀልዱን አቆመና፣ «ለልጆቼ ግን ከባድ ነበር ጋሼ» አለ። «አውቃለሁ» አሉት። ተጨባበጡ።

ውሃውን አልተዉም። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ሁለት ጀሪካን ከልብስ ሰፊዋ በር ላይ ያስቀምጣሉ። በሩ አይከፈትም። ከሄዱ በኋላ ግን ጀሪካኖቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ማታ ባዷቸውን ታጥበው በሩ ላይ ይገኛሉ። ይሄ ሁለት ሳምንት ተኩል ቆየ።

ታንከሩ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። የመሬቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ በግድ ታዞ ቆፋሪ መኪና ልኳል። ታንከሩ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ አልተገኘም፤ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋሽ ሰዓቱ ከአሮጌው የበር ምሰሶ ተነስተው ሣሩን እየረገጡ ሄዱ፤ ቆም አሉ፤ ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ጨመሩ። «እዚህ» አሉ። ባለሙያዋ ብረት መፈለጊያዋን አስጠጋች፤ ማሽኑ ጮኸ።

ቁፋሮው ከማለዳ እስከ ቀትር ፈጀ። መጀመሪያ ንጹሕ አፈር፣ ከዚያ አመድማው፣ ከዚያ የታንከሩ ጀርባ። ሽታው ሲበረታ ባለሙያዋ ሰዉን ሁሉ ወደ ኋላ አራቀች። ሽማግሌው ከአጥሩ ጥግ ሆነው ከማለዳ ጀምሮ አልተቀመጡም። ኢንስፔክተሩ ሁለት ጊዜ ጥላ ሥር እንዲያርፉ ለመናቸው፤ ሁለቴም «ልየው» ብቻ ነው ያሉት።

ስድስት ሰዓት ገደማ ልብስ ሰፊዋ ዳገቱን ይዛ መጣች። ደንበኞቿን የምታስቀምጥበትን ወንበር በአንድ ክንዷ ተሸክማለች። ልጅቷ ከበታች፣ ሽታው ከማይደርስበት ቦታ ሆና በእጇ ግንባሯን ጋርዳ ታያለች።

ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ወንበሩን ከሽማግሌው አጠገብ አስቀመጠች፣ እንዳይወዛወዝ አፈሩን በእግሯ አስተካከለች።

«ተቀመጥ» አለች።

«መቆም ይሻለኛል እህቴ።»

«ጉልበትህን አውቀዋለሁ። ተቀመጥ።»

ተቀመጡ። ቆፋሪው መኪና ታንከሩን በሰንሰለት አንጠልጥሎ ቀስ እያለ አወጣው። ሆዱ በዝገት ተበልቷል፤ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ብዙ ቦታ ላይ ይታያል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ አላየቻቸውም። ከወንበሩ ኋላ ቆማ መደገፊያውን ያዘች፤ ጭነት መኪናው ታንከሩን ይዞ ከሜዳው እስኪወጣ ድረስ እጇን ከዚያ አላነሳችም።